ሴፕቴምበርን በእርሳስ፦ ቡድናችሁ ፕሌይኦፍ ይገባ እንደሆነ በየማለዳው የምትቆጥሩበት ዘዴ

የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል፤ ደጋፊን እንቅልፍ የሚነሱት ግን የመጨረሻዎቹ ሃያ ገደማ ናቸው። ለእኛ ወቅቱን ማስታወስ ቀላል ነው፦ መስከረም ሲጠባ አብዛኛው ቡድን ከ15 እስከ 19 ጨዋታ ይቀረዋል፣ ውድድሩም መስቀል ሰሞን ያልቃል። በእነዚህ ሳምንታት «ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ሻምፒዮኑ የሚለይበት ጥሎ ማለፍ) ይገባሉ ወይስ አይገቡም?» የሚለው ጥያቄ በሆድ ብቻ ከተያዘ ሰው ያደክማል። በወረቀት ከተያዘ ግን በየቀኑ መልስ አለው፤ መልሱ ደስ ባያሰኝም የት እንደቆማችሁ ታውቃላችሁ።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ባለ መስመር ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ (እስክሪብቶ አይሆንም፤ በዝናብ የተላለፈ ጨዋታና የተቀየረ ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ ገጹን ያበላሹታል)፣ የኤምኤልቢ (የሜጀር ሊግ ቤዝቦል) መተግበሪያ፣ በየማለዳው አሥር ደቂቃ። ስሌቱን ማታ አትሥሩት። ዋሽንግተን ሆናችሁ ናሽናልስን ብትከታተሉ የሎስ አንጀለስና የሲያትል ጨዋታዎች የሚያልቁት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው፤ ስትተኙ ያያችሁት ሰንጠረዥ ጎዶሎ ነበር ማለት ነው።

1. በሩ የት እንደሆነ እወቁ

ሠላሳው ቡድን በአሜሪካን ሊግና በናሽናል ሊግ ይከፈላል። እያንዳንዱ ሊግ ሦስት ዲቪዥን፣ እያንዳንዱ ዲቪዥን አምስት ቡድን አለው። ከ2022 ጀምሮ ከየሊጉ ስድስት ቡድን ያልፋል፦ ሦስቱ የዲቪዥን አሸናፊዎች፣ ከቀሩት ደግሞ የተሻለ ውጤት ያላቸው ሦስት። እነዚህ ሦስቱ ዋይልድ ካርድ ይባላሉ።

ከዲቪዥን አሸናፊዎች ሁለቱ የበላዮች የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ። 3ኛው 6ኛውን፣ 4ኛው 5ኛውን ያስተናግዳል። ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ያልፋል፤ ሦስቱም ጨዋታ የሚደረገው በደረጃ በሚበልጠው ቡድን ሜዳ ነው። ስለዚህ በደብተሩ አናት ላይ የምትከታተሉትን አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፦ ወይ ዲቪዥኑን፣ ወይ ያለ መጀመሪያ ዙር ማለፉን፣ ወይ 6ኛውን ቦታ። ሦስቱን አደባልቆ የሚያሰላ ሰው በየቀኑ ሌላ ቁጥር ያወጣና መጨረሻ ላይ የቱ የምን እንደሆነ ይጠፋበታል።

6ኛውን ቦታ ለሚፈልግ ስንት ድል ይበቃል? ይህ አሠራር ከተጀመረ ወዲህ በመጨረሻው ቦታ የገቡት ቡድኖች ያሸነፉት እንዲህ ነው፦ በአሜሪካን ሊግ በ2022 86፣ በ2023 89፣ በ2024 86፣ በ2025 87። በናሽናል ሊግ 87፣ 84፣ 89፣ 83። ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ ግን 87ን ዒላማ አድርጎ መነሣት ያስኬዳል። ቡድናችሁ 78 አሸንፎ 68 ከተሸነፈ 16 ጨዋታ ይቀረዋል፣ 87 ለመድረስ 9 ማሸነፍ አለበት። ይህን «9 ከ16» የምትለውን ቁጥር በትልቁ ጻፏት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

2. ሰንጠረዡን ከሽንፈት ዓምድ ጀምራችሁ አንብቡ

ሰው መጀመሪያ የሚያየው «ጂቢ» የሚለውን ዓምድ ነው፤ ከመሪው በስንት ጨዋታ እንደሚርቁ የሚያሳየውን። አሠራሩ ይህ ነው፦ የድል ልዩነቱንና የሽንፈት ልዩነቱን ደምሩና ለሁለት አካፍሉ። ግማሽ የሚታየው ሁለቱ ቡድኖች እኩል ጨዋታ ስላልተጫወቱ ነው።

ችግሩ ይህ ቁጥር ይዋሻል። አንድ ምሳሌ፦ ቡድን ሀ 80 አሸንፎ 64 ተሸንፏል፣ ቡድን ለ 78 አሸንፎ 63 ተሸንፏል። በሰንጠረዡ ለ በግማሽ ጨዋታ ኋላ ነው። ግን ለ ከሀ ይልቅ ሦስት ተጨማሪ ቀሪ ጨዋታ አለው፣ ሽንፈቱም በአንድ ያንሳል። ቀሪዎቹን ሁሉ ቢያሸንፍ የሀን ውጤት ሳይጠብቅ ከላይ ይጨርሳል። ድል ገና ሊመጣ ይችላል፤ የተሸነፉት ጨዋታ ግን አይፋቅም። ልምድ ያለው ደጋፊ «በሽንፈት ስንት እንበልጣለን?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ቢሆንም ቀሪ ጨዋታ በኪስ ያለ ገንዘብ አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንባችሁ፣ ቀሪዎቹ መቼ እንደሚደረጉ እዩ። ብዙውን ጊዜ በዝናብ ተላልፈው በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ሆነው ይመጣሉ፤ ያ ማለት በአንድ ቀን ሁለት ስታርተር (ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር) ይጠፋል፣ ቡልፔኑም (ተተኪ ፒቸሮቹ) ይደክማል፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ቀናት ዕዳው ይከፈላል።

ከቡድኑ ስም ጎን ትንሽ የላቲን ፊደል ካያችሁ ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ «ኤክስ» ፕሌይኦፍ መግባቱን፣ «ዋይ» ዲቪዥኑን መውሰዱን፣ «ደብሊው» ዋይልድ ካርድ ማግኘቱን፣ «ኢ» መውደቁን ያመለክታሉ።

3. ማጂክ ነምበሩን ራሳችሁ አውጡ

ማጂክ ነምበር መሪው ቦታውን ለማረጋገጥ የራሱ ድልና የተከታዩ ሽንፈት ተደምረው ስንት እንደሚቀሩት የሚያሳይ ቁጥር ነው። መተግበሪያው ያወጣላችኋል፤ ግን በእጅ ያልሠራው ሰው ቁጥሩ ለምን እንደማይንቀሳቀስ አይገባውም። ቀመሩ፦

163 − የመሪው ድል − የተከታዩ ሽንፈት

163 የሆነው 162 ላይ አንድ ስለተጨመረ ነው፤ አንዷ እኩል ከመጨረስ የምታድን ናት። ከዚያ በኋላ መሪው ባሸነፈ ቁጥር አንድ ይቀነሳል፣ ተከታዩ በተሸነፈ ቁጥርም አንድ ይቀነሳል። ዜሮ ሲደርስ አለቀ። ከተከታዩ ወገን ከሆናችሁ ያው ቁጥር የመውደቂያችሁ ቁጥር ነው፤ የእነሱ ድልና የእናንተ ሽንፈት ይበላዋል።

ይህን በእውነተኛ ውድድር ላይ ሞክሩት። ሴፕቴምበር 3 ቀን 2011 ማታ ቦስተን ሬድ ሶክስ 84 አሸንፎ 54 ተሸንፎ ነበር፤ ታምፓ ቤይ ሬይስ 75 አሸንፎ 63 ተሸንፎ። ልዩነቱ ዘጠኝ ጨዋታ ነው። ቀመሩን አስገቡ፦ 163 − 84 − 63 = 16። ለእያንዳንዳቸው 24 ጨዋታ ይቀራል፤ በድምሩ ቁጥሩን ሊቀንሱ የሚችሉ 48 አጋጣሚዎች አሉ፣ ቦስተን የሚፈልገው 16ቱን ብቻ ነው። ማንም ደጋፊ ይህን አይቶ አይጨነቅም።

ከዚያ ቦስተን ከ24ቱ 6 ብቻ አሸነፈ፤ ታምፓ 8 ብቻ ተሸነፈ። 6 እና 8 ሲደመር 14፤ ከ16 ሁለት ቀረ። ታምፓ 91፣ ቦስተን 90 ድል ይዘው ጨረሱ። ከዚህ የምትይዙት ነገር፦ ማጂክ ነምበር ርቀት እንጂ ፍጥነት አይደለም። ስለዚህ ከጎኑ ሁለተኛ ቁጥር ጻፉ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት በስንት እንደቀነሰ። በሳምንት ስድስት ወይም ሰባት ቢቀንስ ጤናማ ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከቀነሰ፣ መሪነቱ በሰንጠረዡ ላይ ቢያምርም አደጋ አለ። የ2007ቱ ኒው ዮርክ ሜትስም 17 ጨዋታ ሲቀረው በሰባት ይመራ ነበር፤ ከ17ቱ 12ቱን ተሸንፎ ዲቪዥኑን ለፊላደልፊያ አስረከበ።

ሁለት ማስተካከያዎች አሉ። አንደኛ፣ እኩል ቢወጡ የሚያልፈው ቡድናችሁ ከሆነ (ቀጥሎ እናየዋለን) ከቁጥሩ አንድ ቀንሱ። መተግበሪያው ይህን ሁልጊዜ ወዲያው አያሳይም፤ በየቦታው የተለያየ ቁጥር የምታገኙት ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ለዋይልድ ካርድ የሚሮጡት ብዙ ስለሆኑ ከመስመሩ ውጭ ካሉት ከእያንዳንዳቸው ጋር ለየብቻ አስሉና ትልቁን ቁጥር ያዙ። ከእነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ የሚጫወቱ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ ምሽት አንዳቸው የግድ ይሸነፋሉ። በቤዝቦል አቻ የለም! ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከታየው ሊያንስ ይችላል።

4. እኩል ቢወጡስ? አሁኑኑ እወቁት

ብዙ ደጋፊ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ድሮ እኩል የጨረሱ ቡድኖች ተጨማሪ ጨዋታ ያደርጉ ነበር፤ ሲያትል በ1995 በኦገስት በ13 ጨዋታ ርቆ የነበረውን ክፍተት ዘግቶ ኤንጅልስን 9 ለ 1 አሸንፎ ዲቪዥኑን የወሰደው እንዲያ ባለ ጨዋታ ነው። ከ2022 ጀምሮ ያ ቀርቷል። አሁን የሚወሰነው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የእርስ በርስ ውጤት፤ እሱ እኩል ከሆነ በየራሳቸው ዲቪዥን ውስጥ ያስመዘገቡት፤ ቀጥሎ በሊጋቸው ካሉ የሌሎች ዲቪዥን ቡድኖች ጋር ያስመዘገቡት፤ ከዚያ በሊጉ ውስጥ ባደረጓቸው ጨዋታዎች ሁለተኛ አጋማሽ ያስመዘገቡት።

በአንድ ዲቪዥን ያሉ ቡድኖች በዓመት 13 ጊዜ ይገናኛሉ። ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ሁሉም ከተደረጉ አንዱ የግድ ይበልጣል። ከሌላ ዲቪዥን ከሆኑ ግን 6 ወይም 7 ጊዜ ነው፤ 6 ከሆነ 3 ለ 3 ሊወጡ ይችላሉ፣ ያኔ የዲቪዥን ውጤት ይቆጠራል። ሥራችሁ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ተፎካካሪ አንድ መስመር ይዛችሁ የእርስ በርስ ውጤቱን ጻፉ፣ ከጎኑ «አለን» ወይም «የለንም» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ሦስት ቡድን እኩል ሲሆን በመሠረቱ በሦስቱ መካከል የተደረጉት ጨዋታዎች ተደምረው ይታያሉ፤ ሁለት ለሁለት ስታወዳድሩ ያገኛችሁት መልስ እዚያ ላይሠራ ይችላል።

ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ከ2025 እዩ። ቶሮንቶና ኒው ዮርክ ያንኪስ እኩል 94 አሸንፈው ጨረሱ፤ ቶሮንቶ በእርስ በርስ 8 ለ 5 ስለሚበልጥ ዲቪዥኑን ወሰደ። ዲትሮይትና ሂውስተን እኩል 87፤ ዲትሮይት ገባ፣ ሂውስተን ቤቱ ቀረ። ሲንሲናቲና ሜትስ እኩል 83፤ ሲንሲናቲ በመጨረሻው ቀን ተሸንፎ እንኳ ገባ፣ ምክንያቱም ሜትስም በዚያው ቀን ማያሚ ላይ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ያ ሜትስ ጁን 12 ቀን ከሠላሳው ቡድን ሁሉ የተሻለ ውጤት ነበረው። በሜይ ወር በግዴለሽነት የታየች አንዲት የእርስ በርስ ሽንፈት በሴፕቴምበር መጨረሻ እንዲህ ተመልሳ ትመጣለች።

5. ቀሪውን ፕሮግራም በአንድ ገጽ ላይ አውርዱት

በግራ ቀኑ፣ ቀጥሎ ተጋጣሚው፣ ቀጥሎ ሜዳው (በቤት ወይም በውጭ)፣ ቀጥሎ የሚጀምሩት ሁለት ፒቸሮች፣ በቀኝ ባዶ ቦታ ለውጤቱ። ለዋናው ተፎካካሪም እንዲህ ያለ ገጽ ሥሩና ጎን ለጎን አስቀምጡ። የማረፊያ ቀናትን በክብ ምልክት አሳዩ። ረጅም በረራ ያለበትን ቀን አስምሩበት፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዳርቻ ሄዶ በማግስቱ የሚጫወት ቡድን እግሩ ከባድ ነው።

የተጋጣሚዎችን ጥንካሬ ስትመዝኑ አትቸኩሉ። «ከወደቁ ቡድኖች ጋር ነው የቀረን» ብሎ መደሰት የዚህ ወር ዋና ስሕተት ነው። የወደቀ ቡድን ወጣቶቹን እየሞከረ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ እየተወዳደሩ ስለሆነ በማንም ፊት አይሰንፉም። ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ የቡድን ዝርዝር ከ26 ወደ 28 ይሰፋል፣ ስለዚህ ማንም አይቶት የማያውቅ ፒቸር ድንገት ይመጣል። በ2011 ቦስተንን በመጨረሻው ሌሊት የጣለው ባልቲሞር በዲቪዥኑ መጨረሻ የነበረ፣ 93 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ነው።

በቅጡ መመዘኛ የሚሆነው «ሁለት ከሦስት» ነው። አብዛኛው ግጥሚያ ሦስት ተከታታይ ጨዋታ ስለሆነ ከሦስቱ ሁለት ማሸነፍ በዓመት 108 ድል የሚያስገኝ ፍጥነት ነው። ከዚያ በላይ የሚጠብቅ ደጋፊ ራሱን ያሰቃያል። እጅግ ጥሩው ቡድን እንኳ በዓመት ወደ 60 ጊዜ ይሸነፋል፤ ስለዚህ በአንድ ማክሰኞ ሽንፈት ቤተሰብ መቆጣት ተገቢ አይደለም። ከሦስቱ ሦስቱን መሸነፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ሲሆን «9 ከ16» የነበረው «9 ከ13» ይሆናል።

6. ፒቸሮቹን ከመጨረሻው ቀን ወደኋላ ቁጠሩ

ስታርተር የሚባለው ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር በአምስት ወይም በስድስት ቀን አንዴ ነው የሚወረውረው። 16 ጨዋታ ከቀረ ምርጡ ፒቸር በአብዛኛው ሦስት ጊዜ ይደርሰዋል፤ አሠልጣኙ የማረፊያ ቀኑን ተጠቅሞ ሌላውን ከዘለለ አራት። የማን ቀን የቱ ላይ እንደሚወድቅ በገጹ ላይ ሙሉት።

ከዚያ ከመጨረሻው እሑድ ወደኋላ ቁጠሩ፤ እውነተኛው ዋጋ ያለው እዚህ ነው። የዋይልድ ካርድ ዙር የሚጀምረው ከእሑዱ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው፣ ቢበዛ ሐሙስ ያልቃል። እሑድ የወረወረ ፒቸር አራት ቀን ካረፈ የሚመለሰው ዓርብ ነው። ማለትም ቡድናችሁ ለመግባት ምርጡን ሰው እሑድ ላይ ካጠፋ፣ ያ ሰው በመጀመሪያው ዙር አንድም ጨዋታ አይጀምርም። ስለዚህ ሐሙስ ወይም ዓርብ ላይ መግባቱን ማረጋገጥ ለመኩራራት ሳይሆን ፒቸር ለማዳን ነው። አሠልጣኙ በመጨረሻው ቅዳሜ ያልተጠበቀ ሰው ሲያስጀምር «ተስፋ ቆረጠ» ከማለታችሁ በፊት ይህን ቆጠራ እዩ።

ቡልፔኑንም አትርሱ። ክሎዘሩ (ጨዋታውን የሚዘጋው ፒቸር) ሁለት ቀን በተከታታይ ከወረወረ በሦስተኛው ቀን ብዙውን ጊዜ አይገኝም። በገጹ ጥግ ላይ ትናንትና ከትናንት ወዲያ የወረወሩትን በነጥብ ምልክት አድርጉ፤ በ9ኛው ኢኒንግ (በጨዋታው የመጨረሻ ዙር) ለምን ሌላ ሰው እንደወጣ ከሁሉ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

7. ተስፋን በመቶኛ

ፋንግራፍስን የመሰሉ ድረ ገጾች ቀሪውን ውድድር በኮምፒውተር በሺዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት አጫውተው የመግቢያ ዕድልን በመቶኛ ያወጣሉ። ቁጥሩን ተጠቀሙበት፣ ግን በትክክል አንብቡት። በኦገስት 2024 ዲትሮይት ታይገርስ 55 አሸንፎ 63 ሲሸነፍ የመግቢያ ዕድሉ 0.2 በመቶ ተብሎ ነበር፤ ከሺህ ሁለት። ከዚያ ከቀሩት 44 ጨዋታዎች 31ዱን አሸንፎ ገባ። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነበር ማለት አይደለም፤ ከሺህ ሁለቱ አንዷ ደረሰች። እንዲሁም 95 በመቶ የተባለ ቡድን ከሃያ አንድ ጊዜ ይወድቃል።

ኮምፒውተር ሳትጠብቁ ግምት ማውጣት ከፈለጋችሁ እያንዳንዱን ጨዋታ እንደ ሳንቲም ውርወራ ቁጠሩት። 16 ጨዋታ ቀርቶት፦

ቢያንስ 8 ማሸነፍ ካስፈለገ ዕድሉ 60 በመቶ ገደማ ነው።
9 ካስፈለገ 40።
10 ካስፈለገ 23።
11 ካስፈለገ 10 ተኩል።
12 ካስፈለገ 4 በመቶ ብቻ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ከ9 በኋላ በእያንዳንዱ ደረጃ ተስፋው ወደ ግማሽ ወይም ከግማሽም በታች እየወረደ ነው። አንድ ሽንፈት «አንድ ጨዋታ ብቻ» የማይሆነው ለዚህ ነው። ቡድናችሁ ከሳንቲም የተሻለ ከሆነ ቁጥሮቹ ከፍ ይላሉ፤ ግን ዝቅ የሚሉበት መንገድ ያው ነው።

ቡድኑ ከሳንቲም ይሻላል ወይ ለሚለው ያገባቸውንና የገባበትን ራን (ነጥብ) እዩ። የቤዝቦል ስታቲስቲክስ ጸሐፊው ቢል ጄምስ ያወጣው ቀመር እንዲህ ነው፦ ያገባችሁትን ራን በራሱ አባዙ፤ የገባባችሁንም በራሱ አባዙ፤ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። 700 አግብቶ 650 የገባበት ቡድን 0.537 ያወጣል፣ ይህም በዓመት 87 ድል ነው። በዚህ ስሌት 87 የሚገባው ቡድን 92 ካሸነፈ በአንድ ራን ልዩነት የተገኙ ዕድለኛ ድሎች አሉበት፤ በመጨረሻው ሳምንት በእነሱ ላይ አትመኩ።

8. የምሽቱ አካሄድ

በየምሽቱ ከጨዋታ በፊት ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የቡድናችሁ ጨዋታ፣ ከሰንጠረዡ በላይ ያለው ተፎካካሪ ጨዋታ፣ ከበታች ያለው ተፎካካሪ ጨዋታ። ሌላው ትርፍ ነው።

ሁለት ተፎካካሪዎቻችሁ እርስ በርስ ሲጫወቱ ለማን ትጮኻላችሁ? ሁለቱም ከላያችሁ ከሆኑና እናንተ የምትፈልጉት የመጨረሻውን ቦታ ከሆነ፣ የበላዩ ያሸንፍ፤ ልትደርሱበት የምትችሉት ቅርቡ ይውረድ። ሁለቱም ከበታች ከሆኑ በሽንፈት የሚበልጠው ያሸንፍ፣ አደገኛው ይውደቅ። በሽንፈት እኩል ከሆኑ የእርስ በርስ ምልክታችሁን እዩ፤ «የለንም» ያላችሁት ይሸነፍ።

ከሩቅ ለሚከታተሉ ሰዓቱ እንዲህ ነው፤ የአሜሪካው በእነሱ አቆጣጠር፣ የአዲስ አበባው በእኛ። በዋሽንግተን ከምሽቱ 7:05 የሚጀምር ጨዋታ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 8:05 ነው። በቀን 1:05 የሚጀምረው ከምሽቱ 2:05። በሲያትል ከምሽቱ 7:10 የሚጀምረው ደግሞ ሊነጋ ሲል 11:10። በዚህ ወቅት ሪያድና ቴል አቪቭ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናቸው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ ከባድ ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቡና እየጠጡ ውጤቱን ማስገባት ይሻላል፣ ያኔ የምዕራቡም ጨዋታ አልቋል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በኤምኤልቢ ቲቪ የአካባቢያችሁ ቡድን ጨዋታ ብዙ ጊዜ እንደሚታገድ አውቃችሁ አስቀድማችሁ ሌላ መንገድ አዘጋጁ፤ በመጨረሻው ሳምንት ጨዋታው ተጀምሮ ይህን ማወቅ ያናድዳል።

የፕሌይኦፍ ትኬት ቡድኑ ከመግባቱ በፊት ይሸጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ጨዋታው ካልተደረገ ገንዘቡ እንደሚመለስ አረጋግጡ። የአውሮፕላን ትኬት ግን ደረጃው ሳይታወቅ አትቁረጡ። በ2023 ቴክሳስ በመጨረሻው እሑድ በሲያትል 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከሂውስተን ጋር እኩል 90 ድል ይዘው ጨረሱ፣ ሂውስተን በእርስ በርስ 9 ለ 4 ስለሚበልጥ ዲቪዥኑን ወስዶ ዐረፈ። ቴክሳስ በዚያው ሳምንት አገሩን አቋርጦ ታምፓ ቤይ ሄደ። ቤታችን እንጫወታለን ብሎ የተዘጋጀ ደጋፊ ዕቅዱ በአንድ ቀን ከሸፈ። (ቴክሳስ በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው።)

9. የመጨረሻው እሑድ

በዚህ ቀን ሁሉም ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት ገደማ ይጀምራሉ፤ በዋሽንግተን በእነሱ አቆጣጠር ከቀኑ 3:05 አካባቢ፣ በአዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:05። ማለዳ ላይ በአንድ ወረቀት አራት ሁኔታዎችን ጻፉ፦ እኛ አሸንፈን እነሱ ሲያሸንፉ፣ እኛ አሸንፈን እነሱ ሲሸነፉ፣ እኛ ተሸንፈን እነሱ ሲያሸንፉ፣ ሁለታችንም ስንሸነፍ። ከእያንዳንዱ ፊት «ገባን» ወይም «ቀረን» በሉ። ሦስተኛ ቡድን ካለ ስምንት መስመር ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወረቀቱን ተዉትና ጨዋታውን እዩ።

አንዳንዴ እሑድም መጨረሻ አይሆንም። በ2024 በአውሎ ነፋስ ምክንያት የተላለፉ ሁለት የሜትስና የአትላንታ ጨዋታዎች ሰኞ ሴፕቴምበር 30 በአንድ ቀን ተደረጉ። ሜትስ የመጀመሪያውን 8 ለ 7፣ አትላንታ ሁለተኛውን 3 ለ 0 አሸንፈው ሁለቱም 89 ድል ይዘው ገቡ። አሪዞናም 89 ድል ነበረው፤ ጨዋታውን ጨርሶ ቁጭ ብሎ ሲመለከት በእርስ በርስ ስሌት ወደቀ።

ቴሌቪዥኑን በ7 ለ 0 አታጥፉ። በ2011ዱ የመጨረሻ ሌሊት ታምፓ ቤይ በያንኪስ 7 ለ 0 እየተመራ እስከ 8ኛው ኢኒንግ ደርሶ ነበር። በ8ኛው ስድስት ራን አስገባ። በ9ኛው ሁለት ሰው ወጥቶበት፣ የታምፓው ዳን ጆንሰን በሁለት ስትራይክ ላይ ሆኖ (ሦስተኛው ቢመጣ ጨዋታው ያልቃል) በቀኝ በኩል ባለው ምሰሶ አጠገብ ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት) መታና እኩል አደረገ። ባልቲሞር ላይ ደግሞ ዝናብ የቦስተንን ጨዋታ ከአንድ ሰዓት በላይ አቋርጦት ነበር። እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ቦስተን 4 ለ 3 ተሸነፈ፤ ሦስት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ የታምፓው ኢቫን ሎንጎሪያ በ12ኛው ኢኒንግ ኳሷን በግራ በኩል ባለው ዝቅ ያለ ግድግዳ ላይ አሳልፎ ጨዋታውን ዘጋው።